ሃምፍሪ፦ ሳይጠራ መጥቶ ዳውኒንግ ስትሪት የከተመው ድመት

ኦክቶበር 1989፣ ለንደን። የብሪታንያ መንግሥት ዋና ዋና መሥሪያ ቤቶች በተደረደሩበት የኋይትሆል ጎዳና አንድ ድመት ወደ ካቢኔ ጽሕፈት ቤት ገባ። ጥቁርና ነጭ ነው፣ ጸጉሩ ረጅም፣ ዕድሜው አንድ ዓመት ገደማ። የኔ ነው ያለ ሰው አልነበረም። ከመጠለያም አልመጣም። አንድ የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ አገኘው፣ እሱም በዚያው ቀረ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ባዝና የመጣች ድመት ቤት ስትመርጥ ብዙ ጊዜ የምንሰማው መግቢያውን ብቻ ነው። «አንድ ቀን በር ላይ አገኘናት፣ ገባች፣ በቃ የኛ ሆነች» ይባላል። ከዚያ በኋላ ያለው ሕመም፣ መጥፋት፣ እርጅና ብዙም አይወራም። የሃምፍሪን ጉዳይ የመረጥኩት ለዚህ ነው። የገባው መንግሥት ቤት ስለሆነ ወረቀት ተጽፎበታል። የውስጥ ማስታወሻ አለው፣ የእንስሳት ሐኪም ምክር አለው፣ የፕሬስ መግለጫ አለው። ከመጣበት ወር እስከ ሞተበት ሳምንት፣ አሥራ ስድስት ዓመት ከመንፈቅ ገደማ፣ ሕይወቱን መከተል ይቻላል። ተከትዬው ስሄድ አንድ ነገር ደጋግሞ ይመጣብኛል። ቤቱን የመረጠው ድመቱ ነው። ኃላፊነቱን አንድ ሰው በስሙ ባልያዘበት ጊዜ ሁሉ ግን ይኸው ድመት አደጋ ላይ ወድቋል።

ክፍት ቦታ አገኘ

የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር ቤትና ቢሮ የሆነው ዳውኒንግ ስትሪት 10፣ ባጭሩ ቁጥር 10፣ ከውጭ ሲታይ ጥቁር በር ያለው አንድ መኖሪያ ቤት ይመስላል። ውስጡ ሌላ ነው። የ17ኛው ክፍለ ዘመን መሠረት ያላቸው ቤቶች ተቀላቅለው የተሠራ፣ መቶ የሚጠጋ ክፍል ያለው ሕንፃ ነው። ከካቢኔ ጽሕፈት ቤቱ ጋር ደግሞ በውስጥ በር ይገናኛል። ቀን ሠራተኛ አይጠፋበትም፣ ማታ ጥበቃ አይለየውም። ሞቃት ነው፣ ኩሽና አለው። እንዲህ ያለ አሮጌ ቤት ደግሞ አይጥ አያጣም።

ከሃምፍሪ በፊት በዚሁ ቤት ዊልበርፎርስ የሚባል ድመት ነበር። ከ1973 ጀምሮ አራት ጠቅላይ ሚኒስትሮች አይቷል፤ ሂዝን፣ ዊልሰንን፣ ካላሃንን፣ ታቸርን። ጡረታ ወጣና በ1988 ሞተ። ሃምፍሪ በሚቀጥለው ዓመት ሲደርስ ቦታው ባዶ ነበር። ይህ ለሰው ተራ ነገር ቢመስልም ለድመት ትልቅ ጉዳይ ነው። ድመት አንድ ቤት ስትገባ አስቀድማ የምታጣራው ሌላ ድመት መኖር አለመኖሩን ነው፤ የምታጣራውም በማሽተት ነው። ባለቦታ ድመት በሌለበት፣ አይጥ ባለበት፣ ሙቀትና ምግብ ባለበት ቤት ለመሰንበት ብዙ ማሰብ አያስፈልጋትም።

ለመንግሥትም ሒሳቡ ጥሩ ነበር። የሃምፍሪ ቀለብ በዓመት 100 ፓውንድ ገደማ ሲሆን፣ የሚወጣው ከካቢኔ ጽሕፈት ቤቱ በጀት ነው። ተባይ እንዲያጠፋ የተቀጠረው ባለሙያ በዓመት 4,000 ፓውንድ ይከፈለው ነበር። ባለሙያው አንድም አይጥ ይዞ አያውቅም ተብሎ ሲዘገብ፣ ድመቱ ግን ሥራውን በሚገባ ይሠራ ነበር። ስሙን ያገኘው በዘመኑ ብዙ ተመልካች ከነበረው የቴሌቪዥን ድራማ ነው፤ ድራማው ውስጥ ሃምፍሪ የሚባል ከፍተኛ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር።

ድመት ሰው የምትመርጠው እንዴት ነው?

«ድመቷ መረጠችን» የሚባለውን አባባል የዋህነት አድርገው የሚያዩት አሉ። እኔ ግን ከእውነቱ ብዙም የራቀ አይመስለኝም። ውሻን፣ በግን፣ ላምን ሰው ነው ይዞ ያላመዳቸው ሊባል ይችላል። የድመት ታሪክ ይለያል። ከ10,000 ዓመት ገደማ በፊት በመካከለኛው ምሥራቅ ለም ምድር ሰው እህል ማምረትና ማከማቸት ጀመረ። እህሉን ተከትሎ አይጥ መጣ፣ አይጡን ተከትላ የዱር ድመት መጣች። ያባረራት አልነበረም፤ ትጠቅም ነበርና። ድፍረት ያላቸው ቀረቡ፣ የቀረቡት ወለዱ፣ በዚሁ ለመዱ።

በ2007 የወጣ የዘረመል ጥናት የዛሬዎቹ የቤት ድመቶች ሁሉ የአፍሪካ የዱር ድመት ከሚባለው ዝርያ፣ በተለይም ከመካከለኛው ምሥራቁ ወገን እንደመጡ አሳይቷል። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2004 ቆጵሮስ ደሴት ላይ የ9,500 ዓመት ዕድሜ ያለው መቃብር መገኘቱ ተዘግቧል። ሰውና ድመት አጠገብ ላጠገብ ተቀብረዋል። ቆጵሮስ የራሷ የዱር ድመት አልነበራትም። ስለዚህ ያቺን ድመት በጀልባ ይዟት የተሻገረ ሰው አለ ማለት ነው። ይኸው የአፍሪካ የዱር ድመት የኛም አገር እንስሳ ነው፤ ዛሬም በኢትዮጵያ ዱር ይኖራል።

ስለዚህ ሃምፍሪ ኋይትሆል ላይ ያደረገው አያቶቹ ጎተራ ሥር ያደረጉትን ነው። አንድ ልዩነት ግን አለ፤ እሱ ለሰው እንግዳ አልነበረም።

ይህን የምለው ከድመት አስተዳደግ ተነሥቼ ነው። የድመት ግልገል ሰውን የምትለምደው በተለይ ከሁለተኛው እስከ ሰባተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። በዚያ ወቅት የሰው እጅ ከነካት፣ ድምፅ ከሰማች፣ አድጋም ሰው አትፈራም። ያ ጊዜ ሰው ሳታይ ካለፈ ግን ስታድግ ሰው ስታይ የምትሸሽ ትሆናለች። ምግብ ብታስቀምጡላት ትበላ ይሆናል፤ ጭናችሁ ላይ ለመውጣት ግን ዓመታት ሊፈጅባት ይችላል፣ ጨርሶ ላትሞክረውም ትችላለች። አንድ ዓመት የሆነው ድመት ሰው የሞላበት ቢሮ ገብቶ ከቀረ፣ ግልገል ሳለ የያዘው እጅ ነበረ ብሎ ማሰብ ተገቢ ነው። ወይ ጠፍቷል፣ ወይ ተጥሏል፣ ወይ የነበረበት ቤት አልተመቸውም።

ለማዳ የነበረች ድመት አዲስ ቤት ስትፈትን በቅርብ ብታይዋት ሥርዓት አላት። መጀመሪያ ራቅ ብላ ትቀመጣለች፤ ፊቷ ወደ እናንተ፣ አንድ ጆሮዋ ወደ መውጫው። ምግብ ስታስቀምጡላት እስክትርቁ ትጠብቃለች። በማግስቱ በዚያው ሰዓት ትመጣለች። ሰዓት ታውቃለች፤ እናንተም ማወቅ አለማወቃችሁን የምትፈትነው ያን ጊዜ ነው። ከቀናት በኋላ ጅራቷን ቀጥ አድርጋ ከቀረበች ሰላምታ ነው። ቀጥላ ጉንጯን በበሩ ጠርዝ ላይ ታሻሻለች፣ ከዚያ በእግራችሁ ላይ። ጉንጯ ላይ ሽታ የሚያወጡ ዕጢዎች አሉ። በሩንም እናንተንም በራሷ ሽታ ምልክት አደረገች ማለት ነው። ሰዎች «ተቀበልናት» የሚሉት ብዙውን ጊዜ ከዚህ በኋላ ነው። እሷ ጨርሳ ከወሰነች ሰንብታለች።

የሁሉም የሆነ ድመት

ሃምፍሪ በታቸር የመጨረሻ ዓመት ገባ፣ በ1990 መጨረሻ ሥልጣን የያዙትን የጆን ሜጀርን ዘመን በሙሉ ኖረ። ከክፍል ክፍል ይዞራል፣ ከካቢኔ ጽሕፈት ቤት ወደ ቁጥር 10 ይሻገራል። ስለ እሱ የተጻፈ አንድ ማስታወሻ ከቢሮ የማይጠፋ፣ ሥራ የሚወድ፣ ግብዣ የማያበዛ ሠራተኛ አድርጎ ይገልጸዋል። እንደሚወደድ ከዚህ ይታያል።

ችግሩ የመጣው ከዚሁ ከመወደዱ ነው። ኖቬምበር 1993 ኩላሊቱ መታመሙ ታወቀ። ልዩ ምግብ ታዘዘለት። ሠራተኞቹ ከእጃቸው ጣፋጭ ነገር እንዳይሰጡት የሚከለክል ማስታወሻ በመሥሪያ ቤቱ ተሠራጨ።

ይህን ማስታወሻ የዚህ ጉዳይ ቁልፍ አድርጌ ነው የማየው። የድመት ኩላሊት ሲደክም ቶሎ አያስታውቅም። ምልክቱ ጎልቶ የሚወጣው አብዛኛው አቅሙ ካለቀ በኋላ ነው፤ ውሃ ታበዛለች፣ ሽንቷ ይበዛል፣ ትከሳለች፣ ምግብ ትጠላለች። የተጎዳው ኩላሊት ተመልሶ አይድንም። የቀረውን ግን በምግብ መጠበቅ ይቻላል። ፎስፈረሱ የተቀነሰ፣ ፕሮቲኑ የተመጠነ ምግብና ብዙ ውሃ ዕድሜ ይጨምራል። ይህ የሚሠራው ግን ሌላ ነገር ካልገባበት ነው። ቤት ውስጥ አንድ ሰው የሚያበላት ድመት ምግቧን መቆጣጠር ቀላል ነው። በመቶዎች የሚቆጠር ሠራተኛ ባለበት ሕንፃ ግን እያንዳንዱ «እኔ ትንሽ ብሰጠው ምን አለበት» ካለ ሕክምናው ዋጋ የለውም። እንዲህ ባለ ቦታ ማስታወሻ የሚጽፍ፣ የሚያስከብር፣ ለሐኪም የሚወስድ አንድ ሰው ያስፈልጋል። ሃምፍሪ እንዲህ ያለ ሰው ካቢኔ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ነበረው። ዕድለኛ ነው።

እኛ ዘንድ የሁሉም የሆኑ ድመቶች ሞልተዋል። የሱቅ ድመት አለ፣ የመጋዘን ድመት አለ፣ የወፍጮ ቤት ድመት አለ፣ ኮንዶሚኒየም ሥር ዘበኛው የሚያበላት አለች። ሥጋ ቤት በር ላይ ሳንባ የሚጣልላቸው አሉ። የምናበላው በደግነት ነው። ግን ብዙ ጊዜ የምንሰጠው የተረፈ እንጀራ በወጥ ነው፣ ወጣችን ደግሞ ሽንኩርት ነው። ቀይ ሽንኩርትም ሆነ ነጭ ሽንኩርት፣ ጥሬም ይሁን የበሰለ፣ የድመትን ቀይ የደም ሴል ይጎዳል። ደጋግማ ከበላች የደም ማነስ ያመጣባታል። ወተትም የአብዛኞቹን ያደጉ ድመቶች ሆድ ያውካል። ያልተቀመመ የተቀቀለ ሥጋ፣ አጥንቱ የወጣለት ዓሣ፣ ንጹሕ ውሃ፤ ይህ ይበቃል። ሥጋው ላይ ሽንኩርትና በርበሬ ከመግባቱ በፊት ለእሷ ቁራሽ ማስቀረት ብዙ አያስቸግርም።

ያልሠራው ወንጀል

ጁን 1994 ላይ ሃምፍሪ ተከሰሰ። ከሜጀር ቢሮ መስኮት ውጭ ባለ የአበባ ሣጥን ውስጥ ጎጆ የሠራች ሮቢን ነበረች፤ ደረቷ ቀይ የሆነ፣ እንግሊዞች በጣም የሚወዷት ትንሽ ወፍ ናት። አራት ጫጩቶች ሞተው ተገኙ፣ አንድ ጋዜጣም ገዳዩ ድመቱ ነው አለ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ራሳቸው ሃምፍሪ በሐሰት ነው የተከሰሰው ብለው ተከላከሉለት። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይሏል ይህ ነው።

ይሁን እንጂ ድመት ወፍ እንደምትገድል መካድ አይቻልም። በቂ ምግብ ብታገኝም ታድናለች፤ ማደን ከረሃብ ጋር ብቻ የተያያዘ ጠባይ አይደለም። ወፎች ጫጩት በሚፈለፍሉበት ወቅት፣ በተለይ ጎሕ ሲቀድና ሲመሽ፣ ድመትን ቤት ማዋል ይረዳል። ከማደኗ በፊት ጥቂት ደቂቃ ብናጫውታትና ሥጋ ብናበላት እንኳ የምታመጣው ሬሳ ይቀንሳል። ይህን የምለው ጎረቤት ዶሮ ለሚያረባም ጭምር ነው። በሰፈር ጫጩት ሲጠፋ መጀመሪያ የምትወነጀለው ባለቤቷ የማይታወቅ ድመት ናት። ጭልፊት ይውሰደው፣ ሸለመጥማጥ ይብላው የሚያጣራላት የለም። ሃምፍሪ ጠበቃ የሆኑለት ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩት። የሰፈር ድመት ያላት ጠበቃ «እኔ ነኝ የማሳድጋት» የሚል ጎረቤት ነው።

ሦስት ወር በሌላ ስም

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ጁን 1995 ሃምፍሪ ጠፋ። ቀናት አለፉ፣ ሳምንታት አለፉ። ሴፕቴምበር 25 ቀን የቁጥር 10 ፕሬስ ክፍል ሞቷል ተብሎ እንደሚታመን አስታወቀ። ዜናው በጋዜጣ ወጣ።

ሃምፍሪ ግን አልሞተም። አንድ ማይል ያህል ርቆ፣ ሚልባንክ ላይ ባለው የጦር ኃይሉ የሕክምና ኮሌጅ ይኖር ነበር። እዚያ ያሉት ሰዎች ባለቤት የሌለው ድመት መጣልን ብለው ተቀብለውታል። ስምም አውጥተውለታል፤ ፓትሮል ካር (የቅኝት መኪና) ለማለት አሳጥረው ፒሲ ይሉታል። የሞቱ ዜና በጋዜጣ ሲወራ ነው ማንነቱ የታወቀው። ወደ ዳውኒንግ ስትሪት ተመለሰ። ፕሬስ ክፍሉም በሃምፍሪ ስም መግለጫ አወጣ፤ ኮሌጁ ዘንድ ጥሩ ዕረፍት እንዳሳለፈና በመመለሱ ደስ እንዳለው የሚገልጽ።

ይህን ክፍል ሰዎች እንደ ቀልድ ያወሩታል። እኔን ግን ያሳስበኛል። እስቲ ከኮሌጁ ሰዎች በኩል እንየው። አንድ የሚያምር፣ ሰው የማይፈራ ድመት ግቢያቸው ገባ። ሰዓቱን ጠብቆ መጣ። የኔ ነው የሚል አልነበረም። ያደረጉት ደግ ሥራ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት የካቢኔ ጽሕፈት ቤቱም ያደረገው ይህንኑ ነበር፣ ያኔም ሁላችን ደስ ያለን በዚሁ ነው። ልዩነቱ በዚህኛው ጊዜ ድመቱ ሕመምተኛ መሆኑ ነው። የታዘዘለት ምግብ አለው። ያን ምግብ የሚያውቁት ሰዎች ሞተ ብለው ተስፋ ቆርጠዋል፣ አሁን የሚያበሉት ሰዎች ደግሞ ኩላሊቱ መታመሙን አያውቁም። ሁለት ደግ ቤቶች ነበሩ። በመካከላቸው ግን ወሬ የሚያደርስ አልነበረም።

ድመት እንዲህ ታደርጋለች። ሁለትና ሦስት ቤት መያዝ ለእሷ ክህደት አይደለም። ጠዋት አንድ ጋ ትበላለች፣ ከሰዓት ሌላ ጋ ትተኛለች፣ እያንዳንዱም ቤት የኔ ብቻ ናት ይላል። ድመት ቤት የመምረጥ መብት አላት ብለን የምናምን ከሆነ፣ ሁለተኛ ጊዜ መምረጧንም መጠበቅ አለብን። ስለዚህ ባዝና የመጣች ድመትን ስንቀበል የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ላብላት» አይመስለኝም። «የማን ናት» ነው።

ዛሬ ለዚህ መፍትሔ አለ። የሩዝ ፍሬ የምታክል ቺፕ በትከሻዎቿ መካከል ከቆዳ ሥር ትቀበራለች፤ በማንበቢያ መሣሪያ ሲታይ ቁጥር ታወጣለች፣ ቁጥሩ ከባለቤቱ ስልክ ጋር ተመዝግቧል። እንግሊዝ ውስጥ ከጁን 10 ቀን 2024 ጀምሮ ይህ ግዴታ ሆኗል። ድመቷ 20 ሳምንት ሳይሞላት ቺፑ መግባት አለበት፤ ያላደረገ ባለቤት እስከ 500 ፓውንድ ሊቀጣ ይችላል። ሃምፍሪ ሚልባንክ የገባው ይህ ሕግ ከወጣ በኋላ ቢሆን ኖሮ፣ ኮሌጁ አቅራቢያ ያለ አንድ የእንስሳት ሐኪም በደቂቃ ውስጥ የቁጥር 10ን ስልክ ይደውል ነበር።

ቺፕና ማንበቢያ እንደልብ በማይገኝበት ቀላል ዘዴ አለ። ከወረቀት ቀጭን ማሰሪያ ቆርጦ «ይህች ድመት ባለቤት አላት ወይ? በዚህ ስልክ ይደውሉ» ብሎ ጽፎ አንገቷ ላይ ላላ አድርጎ ማሰር ነው። ወረቀት መሆኑ ጥሩ ነው፤ ቅርንጫፍ ቢይዘው ይቀደዳል፣ አያንቃትም። ባለቤት ካላት ማታ ቤቷ ስትገባ ያነበዋል። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ዘበኛውን፣ ባለሱቁን፣ ልብስ አጣቢዋን መጠየቅ ብዙ ጊዜ ይበቃል። የኮንዶሚኒየሙ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ፎቶዋን መለጠፍ ደግሞ ከሁሉ ይፈጥናል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ልጅ ያላችሁ ልብ በሉት። ያልታወቀች ድመት እንደመጣች አቅፎ ማንሳት ጥሩ አይደለም። በኢትዮጵያ የእብድ ውሻ በሽታ ገና ከባድ ችግር ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከውሻ ቢሆንም ድመትም ታስተላልፋለች። ከነከሰች ወይም ከቧጨረች ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ አሥራ አምስት ደቂቃ ማጠብ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። ልትቀበሏት ከወሰናችሁ መጀመሪያ ክትባቱ፣ ቀጥሎ ማምከኑ ይምጣ። ያልመከነ ድመት አገር ላገር ይዞራል፣ ይጣላል፣ ይቆስላል። ያልመከነች ደግሞ በዓመት ውስጥ ደጋግማ ትወልዳለች።

ሃምፍሪ በተመለሰ በሁለት ወሩ፣ ኖቬምበር 1995፣ ሌላ ነገር ለጥቂት ሳተው። ለጉብኝት የመጡት የፕሬዚዳንት ክሊንተን ጥይት የማይበሳው ካዲላክ ጎማ ሥር ሊገባ ሲል ተረፈ።

የመጨረሻውን ቤት ማን መረጠለት?

ሜይ 1997 ቶኒ ብሌር ከነቤተሰባቸው ቁጥር 10 ገቡ። ወዲያው ወሬ ተነሣ። ሚስታቸው ሼሪ ብሌር ድመት አይወዱም ተባለ። ቁጥር 10 አስተባበለ፣ ሼሪ ሃምፍሪን ታቅፈው ፎቶ ተነሡ። ኖቬምበር 13 ቀን ሃምፍሪ ጡረታ መውጣቱ ሲነገር ግን ወሬው እንደገና ነደደ። የወግ አጥባቂው ፓርቲ የፓርላማ አባል አለን ክላርክ ድመቱ በሕይወት ስለመኖሩ ማስረጃ ጠየቁ። ኖቬምበር 24 ቀን ጋዜጠኞች ወዳልተገለጸ ቦታ፣ ደቡብ ለንደን ተወሰዱ። ሃምፍሪ የዕለቱ ጋዜጦች አጠገቡ ተቀምጠው ፎቶ ተነሣ።

ሰው መጠርጠሩን አልነቅፍም። ስለ አንድ ድመት ደኅንነት አገር መጠየቁ ደስ የሚል ነገር ነው። ግን ጥያቄው ሳተ። ሁሉም የጠየቀው ማን ጠላው የሚለውን ነው። መጠየቅ የነበረበት ምን ያስፈልገዋል የሚለው ነበር። በ2005 ይፋ የሆኑ የመንግሥት ወረቀቶች እንደሚያሳዩት ጡረታው ከሐኪም ምክር ጋር የተያያዘ ነው። ሃምፍሪ አርጅቷል፣ ኩላሊቱ ታሟል፣ ሰውነቱ ቀንሷል። የሚንከባከቡት ሰዎች የተረጋጋ ቤት፣ በቅርብ የሚያየው ሰው ያስፈልገዋል ብለው ነበር።

በወጣትነቱ የመረጠው ቤት ላረጀ ሕመምተኛ የሚሆን አልነበረም። በር ይከፈታል ይዘጋል፣ መኪና ይወጣል ይገባል፣ ሰው ይለዋወጣል። ለአንድ ዓመት ድመት ይህ ሁሉ ጨዋታ ነው። ኩላሊቱ ለደከመ ድመት ግን ከሁሉ የሚበልጠው ሳህኑ አንድ ቦታ መሆኑ፣ ውሃው ቅርብ መሆኑ፣ ዛሬ ስንት እንደበላ የሚያይ ዓይን መኖሩ ነው። የታመመች ድመት ሕመሟን ትደብቃለች። ጥግ ይዛ ትተኛለች እንጂ መጥታ አትነግራችሁም። ስለዚህ ይህን ውሳኔ ለእሷ መተው አይቻልም። ኦክቶበር 1989 ላይ ድመቱ መረጠ፣ ሰዎቹ ተቀበሉ። ኖቬምበር 1997 ላይ ተራው የሰዎቹ ነበር። በደንብ መርጠውለታል ብዬ አምናለሁ።

ከእሱ በኋላ ቁጥር 10 አሥር ዓመት ያህል ያለ ድመት ቆየ። በ2007 ሲቢል የምትባል የገንዘብ ሚኒስትሩ የአሊስተር ዳርሊንግ ድመት መጣች፤ ብዙም አልቆየችም። ዛሬ በር ላይ የምናየው ላሪ ፌብሩዋሪ 2011 የገባው ባተርሲ ከሚባለው የውሾችና የድመቶች መጠለያ ነው። እሱም ባዝኖ የተገኘ ድመት ነበር። ወጪውን ሠራተኞቹ ከኪሳቸው ይሸፍናሉ።

ሃምፍሪ ማርች 2006 ሞተ፣ ዕድሜው 18 ገደማ ሆኖ። የሞተውም ጡረታ ሲወጣ ወስዶ ያኖረው የካቢኔ ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ቤት ውስጥ ነው። ቁጥሩን ልብ ብላችሁ እዩት። በመንግሥት ቤት የኖረው ከኦክቶበር 1989 እስከ ኖቬምበር 1997 ነው፣ ስምንት ዓመት ከአንድ ወር። ከዚያ በኋላ የኖረው ስምንት ዓመት ከአራት ወር ነው። በ1997 አስወገዱት ተብሎ የተወራለት ድመት ጡረታው ከሥራ ዘመኑ በልጧል። ኩላሊቱ መታመሙ ከታወቀበት ከ1993 ብንቆጥር ደግሞ ከበሽታው ጋር ከአሥራ ሁለት ዓመት በላይ ኖሯል።